ከፊደሉ በፊት እጅ፦ ስለ ሕፃናት የእጅ ጽሕፈት ለተጠየቁ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከወሎ አንባቢዎቻችን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ሕፃናት የእጅ ጽሕፈት የሚጠይቁ ናቸው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ጽሕፈት የሚያስተምሩበትን መንገድ ማወቅ የሚፈልጉም አሉባቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጅ አለችኝ። በምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ከ«ሀ» እስከ «ሆ»፣ ከ«ለ» እስከ «ሎ» እያለች በየቀኑ አንድ ገጽ ሞልታ እንድትመጣ የቤት ሥራ ይሰጣታል። ግማሹን ሳታደርስ ታለቅሳለች፤ እርሳሱንም በጡጫዋ ጨብጣ ነው የምትጽፈው። ፈረንሳይ የምትኖረው እህቴ ግን በእሷ ዕድሜ ያለው ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ማዕበልና ቀለበት ሲሥል እንጂ ፊደል በገጽ ሲሞላ አላየሁም ትለኛለች። የእነሱ መንገድ ምንድን ነው? ለእኔስ ልጅ ይሆናል? — እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ ሰነፍ አለመሆኗን ይወቁልኝ። እርሳስ በጡጫ የሚጨብጥ የአራት ዓመት ልጅ ክንዱን እንጂ ጣቶቹን ማዘዝ ገና አልቻለም። እንዲህ ባለ እጅ ገጽ መሙላት ከጣት አልፎ ትከሻና አንገት ስለሚያደክም የልጅዎ ልቅሶ የድካም ልቅሶ ነው።

በፈረንሳይ ልጆች በሦስት ዓመታቸው «ኤኮል ማተርኔል» ወደሚባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ዕድሜ መማር በሕግ ግዴታ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ታናሽ፣ መካከለኛና ታላቅ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ልጁ ወደ አንደኛ ክፍል የሚሻገረው ስድስት ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። እህትዎ ያዩት ማዕበልና ቀለበት «ግራፊዝም» የሚባለው ልምምድ ነው። ልጁ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድና ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ያሠምራል፤ ከዚያ ዚግዛግ፣ እንደ ግንብ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ መስመር፣ ድልድይ የሚመስል ቅስት፣ ጽዋ የሚመስል ጎድጓዳ፣ ማዕበል፣ ጥምዝምዝና በመጨረሻም ሳይነሣ የሚዞር ቀለበት ይለማመዳል። ይህን ሲያደርግ መጀመሪያ ቆሞ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰፊ ወረቀት፣ በቀለም ብሩሽ፣ በሙሉ ክንዱ ነው፤ ቀስ በቀስ ወረቀቱ እየጠበበ፣ ብሩሹ ወደ እርሳስ እየተለወጠ፣ እንቅስቃሴውም ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ጣት እየወረደ ይሄዳል። ልጁ ስሙን በትልልቁ የላቲን ፊደል መጻፍ የሚማረው በዚሁ መካከል ሲሆን፣ የተያያዘው ወይም ቅጥልጥሉ ጽሕፈት የሚጀመረው በታላቁ ክፍል ነው።

የዚህ ሁሉ ሐሳብ አንድ ነው። ፊደል እጅ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መነሻ፣ መታጠፊያና መድረሻ አለው። ስለዚህ የፈረንሳይ መምህራን የተጠናቀቀውን ፊደል ብቻ አይተው አያርሙም፤ ልጁ ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው እጁ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተላሉ። ከመንገዳቸው አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የምወስደው ይህንን ነው።

ይህ ለእኛ ፊደልም ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት ከፈለጉ፣ ዛሬ ማታ ልጅዎን «በ» እንድትጽፍ ይጠይቋትና ወረቀቱን ትተው እጇን ይመልከቱ። ከግራው እግር ግርጌ ተነሥታ ወደ ላይ ወጥታ፣ ጣሪያውን ተሻግራ በቀኝ ብትወርድ፣ ወይም ሁለቱን እግሮች ለየብቻ አቁማ በኋላ ክዳን ብትደፋባቸው፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ከሞላ ጎደል ያው «በ» ስለሆነ ደብተሩን ብቻ የሚያርም መምህር ትክክል ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የሚወጣው ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ደርሳ የቃል ጽሕፈት ሲሰጣት፣ በፍጥነትም ከሰሌዳ መገልበጥ ሲኖርባት ነው። አንዱን ፊደል ዛሬ በአንድ መንገድ፣ ነገ በሌላ መንገድ የሚሠራ እጅ ሲጣደፍ እግሩ ከጣሪያው ይላቀቃል፣ «በ» እና «ለ» መለየት ያቅታል፣ ልጁም «ጽሑፉ አይነበብም» የሚል ስም ይወጣለታል። የምመክረው መንገድ ከላይ ከግራው ጥግ ተነሥቶ ግራውን እግር ማውረድ፣ ወደ ተነሡበት ጥግ ተመልሶ ጣሪያውን ወደ ቀኝ መሳብ፣ ከዚያም እጅን ሳያነሡ ቀኙን እግር ማውረድ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን አንድ መንገድ መርጦ ሳይለዋወጡ በዚያ መጽናት ነው።

ለቤት ውስጥ ልምምድ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሰፌድ ላይ ዱቄት ወይም ደቃቅ አሸዋ በስሱ በትነው በአመልካች ጣቷ ድልድይና ጽዋ ታሠምርበት፤ ስትሳሳት ሰፌዱን ነቅነቅ ቢያደርጉት ስሕተቱ ይጠፋል፣ ልጅም የሚደፍረው ስሕተቱ የማይቀርበት ቦታ ላይ ነው። ከቤት ውጭ ጠመኔ ይስጧትና ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ በትልቁ ትሥል። የፈረንሳይ መምህራን የመስመር ልምምዱን ከጌጥና ከሥዕል እንደሚቀዱት ሁሉ እርስዎም ከቤትዎ አያጡም። መሶቡና ሰፌዱ ላይ ያለው ስፌት፣ የቀሚሱ ጥልፍ ዚግዛግና ጥምዝምዝ የሞላበት ስለሆነ፣ መጀመሪያ በጣቷ እየተከተለች ትዳስሰው፣ ቀጥሎ ወረቀት ላይ ትገልብጠው። ምስር መልቀም፣ በጭቃ በሬና በግ መሥራት፣ ቅልብልቦሽ መጫወት፣ ቁልፍ መቆለፍና መፍታት ሁሉ እርሳስ የሚይዙትን ሦስት ጣቶች ያጠነክራሉ። ቅልብልቦሽን በተለይ እወድደዋለሁ፤ ዓይንንና ጣትን አንድ ላይ የሚያሠራ እንዲህ ያለ ጨዋታ እጃችን ላይ እያለ የውጭ አሻንጉሊት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ አያያዙ፣ እርሳሱ በአውራ ጣትና በመሀል ጣት ጎን መካከል ያርፋል፤ አመልካች ጣት ከላይ ሆኖ ይመራዋል እንጂ አይጫነውም። ጣቷን እየጎተቱ ከማስተካከል ይልቅ ቁራጭ ጠመኔ ወይም አጭር እርሳስ ይስጧት፤ አጭር ነገር በጡጫ ለመጨበጥ ስለማይመች ጣቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይፈልጋሉ። ስትቀመጥ እግሮቿ መሬት ወይም ሣጥን ይርገጡ፣ ክርኗ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፣ ሌላው እጇ ወረቀቱን ይያዝ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱን ለማስተካከል ስለሚታገል ለእጁ የሚተርፈው ኃይል ትንሽ ነው።

መምህሯን ደግሞ በአክብሮት ያነጋግሯት። ለአራት ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ የቤት ሥራ መስጠት ድካምን እንጂ ጽሕፈትን አያስተምርም፤ መምህሯ አጠገቧ ቆማ ያየቻት አንድ መስመር፣ ብቻዋን እያለቀሰች ከሞላችው ገጽ ትበልጣለች። ብዙ ጊዜ ገጹን የሚጠይቁት ወላጆች ናቸው፤ የተሞላ ደብተር ካላየን ልጃችን አልተማረም እንላለን። እርስዎ አንድ መስመር ይበቃኛል ብለው ቢጠይቁ መምህሯም እፎይ ትል ይሆናል።

ጥያቄ፦ በወረኢሉ አካባቢ የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። ክፍሌ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ያላቸው ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው። ፈረንሳዮች ለጽሕፈት የተለየ ደብተር እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ያ ደብተር ምን ጥቅም አለው? እኔስ ያለ እሱ ምን ማድረግ እችላለሁ? — መምህር፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ የሰሙት ደብተር «ሴየስ» የሚባለው ነው፤ ስሙ የመጣው ከፓሪስ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው የፖንቷዝ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ ከነበረውና አሠማመሩን በ1892 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበው ከዣን አሌክሳንድር ሴየስ ነው። በየ8 ሚሊሜትሩ ወፍራም ወይን ጠጅ መስመር አግድምና ቁልቁል ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ሁለት ወፍራም አግድም መስመር መካከል ደግሞ በ2 ሚሊሜትር የሚራራቁ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በግራ በኩል ቀይ ኅዳግ አለው። ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት እስከ መጀመሪያው ቀጭን መስመር ይደርሳሉ፤ «ቲ» እና «ዲ» እስከ ሁለተኛው፣ እንደ «ኤል» እና «ቢ» ያሉት ባለ ቀለበቶች እስከ ሦስተኛው ይወጣሉ፤ ወደ ታች የሚወርዱት ደግሞ ከመሠረቱ በታች ሁለት መስመር ይወርዳሉ። ለጀማሪ ልጆች መስመሮቹ ይበልጥ የሚራራቁበት ሰፋ ያለ ዓይነት ይታተማል። እንዲህ ስለሆነ የፈረንሳይ ልጅ ፊደሉን የት ማቆም እንዳለበት በግምት አይወስንም፤ መስመሩ ይነግረዋል። መምህሩም «አስተካክለህ ጻፍ» ከማለት ይልቅ «እስከ ሁለተኛው መስመር አውጣው» ማለት ይችላል። ለልጅ ትርጉም የሚሰጠው እንዲህ ያለው ትእዛዝ ነው።

ከፊደል በፊት መስመር ማበጀት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከእናንተ ብዙ ሳይርቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመማሪያና የመጻሕፍት ማእከል እንደነበረ የታወቀ ነው። የብራና ጸሐፊም አንዲት ፊደል ከማሳረፉ በፊት ቆዳውን በጠርዙ በኩል ይበሳል፣ ቀዳዳውንም ከቀዳዳ እያገናኘ ቀለም በሌለው ሹል ነገር መስመሩን ያሠምራል። በድሮ የብራና መጻሕፍት ላይ ብርሃን በጎን ሲያርፍ እነዚህ መስመሮች ይታያሉ። ልጆችዎ ያለ መስመር መጻፍ ቢቸግራቸው አይድነቅዎት፤ ዕድሜ ልኩን የጻፈ ቁም ጸሐፊም ያለ መስመር አይጀምርም።

ለፊደላችን አራትና አምስት መስመር አያስፈልግም፤ ሦስት ይበቃል። በተራው ባለ መስመር ደብተር ላይ ልጆቹ ሦስት ተከታታይ መስመሮችን እንዲይዙ ያድርጉ። የላይኛው ጣሪያ፣ የመካከለኛው ወገብ፣ የታችኛው ወለል ይሆናል፤ ፊደሉ ሁለቱን ክፍት ቦታ ይሞላል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ተዘልሎ አዲስ ረድፍ ይጀመራል። ይህ ወረቀት የሚያባክን ቢመስልም ለአንድ መንፈቅ ዓመት ያህል የሚያዋጣ ብክነት ነው። ሰሌዳው ላይም እነዚያኑ ሦስት መስመሮች በማስመሪያ አሥምረው ይተዉአቸው።

የወገቡ መስመር ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቃናል ብል ማጋነን ይሆናል፤ በ«በ» ቤት ግን ጥቅሙን በግልጽ ማሳየት ይቻላል። ካዕቡ «ቡ» ጭረቱን ከቀኙ እግር ወገቡ ላይ ያወጣል፤ ሣልሱ «ቢ» ወለሉ ላይ ያወጣል። ራብዑ «ባ» ግራ እግሩን ወገቡ አካባቢ አቁሞ ቀኙን እስከ ወለሉ ያወርዳል፤ ሳብዑ «ቦ» ደግሞ ቀኙን አሳጥሮ ግራውን ያወርዳል። ኃምሱ «ቤ» ቀለበቱን በቀኙ እግር ግርጌ ያንጠለጥላል። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚያምታቱ፣ «ባ» ጽፈው «በ» የሚመስልባቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ያውቁታል፤ የጠፋቸው ጭረቱ ከየት እንደሚወጣና እግሩ የት እንደሚቆም ነው። ይኸው ሥርዓት በ«ሰ»፣ በ«ከ» እና በ«ዘ» ቤትም ይሠራል። ሳድሱ ግን አንድ ሕግ ስለማይከተል፣ «ሎ»ም ቀለበት ይዞ ስለሚመጣ፣ እነዚህን ለየብቻ ማስተማር የግድ ነው።

ከፈረንሳዮቹ ሌላ ልንወስደው የሚገባው ፊደላትን በእንቅስቃሴያቸው ቤተሰብ ማሰባሰብ ነው። እነሱ በጽሕፈት ትምህርት የፊደል ተራን አይከተሉም፤ ወደ ግራ እየዞሩ የሚጻፉትን ክቦች አንድ ላይ፣ ባለ ቀለበቶቹን አንድ ላይ፣ ባለ ድልድዮቹን አንድ ላይ ያስተምራሉ። እኛም ለንባብ ሀሁና አቡጊዳውን እንደ ቀድሞው እያስዜምን፣ ለጽሕፈት ግን ሌላ ተራ መያዝ እንችላለን። «ሀ» እና «ሠ» የጽዋ ልጆች ናቸው፤ «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ» ሁለት እግር ያላቸው ናቸው፤ «ተ» በአንድ እግር የሚቆም መስቀል ነው፤ «ዐ»፣ «ወ»፣ «ፀ»፣ «ቀ» እና «መ» ክብ ይፈልጋሉ። «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ»፣ «ዠ»፣ «ኸ»፣ «ጨ» በአናታቸው ወይም («ጨ» እንደሚያደርገው) በእግራቸው ምልክት ጨምረው ከ«ሰ»፣ «ተ»፣ «ነ»፣ «ደ»፣ «ዘ»፣ «ከ»፣ «ጠ» የወጡ ስለሆኑ ወላጆቻቸው እጅ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይደክሙ ይመጣሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና ልጁ 231 የተለያየ ሥዕል አጥና ሲባል ይደነግጣል፤ ጥቂት እንቅስቃሴዎችንና ስድስት የለውጥ ምልክቶችን ተማር ሲባል ግን ይደፍራል።

ንባብና ጽሕፈትን በተለያየ ተራ ማስተማር ሥርዓት ማፍረስ የሚመስላቸው ወላጆች ካሉ፣ በቄስ ትምህርት ቤትም ሁለቱ የተለያዩ እንደነበሩ ያስታውሷቸው። የኔታ ዘንድ ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ድምፁን ይማራል፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ጸሐፊ አይደለም፤ ቁም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ለብቻው ይጠናል።

የተማሪው ብዛት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሁሉንም እጅ በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። በፈረንሳይ ለዚህ የሚረዳ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ልጆቹ ትንሽ ሰሌዳ ይይዛሉ፣ መምህሩ ምልክት ሲሰጥ ይጽፋሉ፣ ሁለተኛ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ላይ ከፍ ያደርጋሉ፤ «የላ ማርቲኒየር ዘዴ» ይባላል፤ ስሙም ሊዮን ከተማ ከሚገኘው የላ ማርቲኒየር ትምህርት ቤት የተገኘ ነው። ካርቶን በጥቁር ቀለም ቀብተው ጠመኔ ቢሰጧቸው በጥቂት ወጪ ይሆናል። ከዚህ ሌላ፣ ፊደሉን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ መንገዱን ጮክ ብለው ይናገሩ፦ «እወርዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ጣሪያውን እስባለሁ፣ እወርዳለሁ»። ልጆቹም ጣታቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ አብረው ይበሉ። ከዚያ በየዴስኩ መካከል እየተዘዋወሩ በየቀኑ የአንድ ረድፍ ልጆችን እጅ ብቻ ይመልከቱ፤ ሌላው ረድፍ ነገ ይደርሰዋል። ደብተር ሰብስቦ ቤት ወስዶ በቀይ እስክሪብቶ ከማረም ይህ ይበልጣል፤ ምሽትዎንም ያተርፍልዎታል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጠዋት ቁርአን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ይውላል። አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አንዳንዴ «ለ» የሚመስለውን ነገር ገልብጦ ይጽፋል። ዘመዶቼ «ሁለቱን አደባልቀህ አበላሸኸው» ይሉኛል። አንዱን ላስቁመው? — አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንዱንም አያስቁሙት። ፊደል ገልብጦ መጻፍ በአንድ ጽሕፈት ብቻ በሚማሩ ልጆችም ዘንድ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ የተለመደ ነው፤ የፈረንሳይ መምህራንም በየዓመቱ ያዩታል። ወሎ ደግሞ ሁለቱን ጽሕፈቶች አብሮ በመያዝ የቆየ አገር ነው፤ ሼሆቻችን የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፣ ይህም የአጀሚ ጽሕፈት የአገሩ ቅርስ ሆኖ ይጠናል።

ልጅዎን የሚረዳው እያንዳንዱ ጽሕፈት የራሱ ቦታና የራሱ መነሻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የአማርኛ ደብተሩ ላይ በእያንዳንዱ መስመር ግራ ጫፍ አረንጓዴ ነጥብ ያድርጉ፤ እጁ ከዚያ ይነሣል። በዐረብኛ ወረቀቱ ላይ ነጥቡ በቀኝ ጫፍ ይሁን። ሁለቱን በአንድ መቀመጫ፣ አንዱን እንደጨረሰ ሌላውን እያስከተሉ አያስጠኑት፤ በመካከል ይጫወት። ነጥቡን ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ራሱ ይተወዋል።

ሉህ የተባለው የእንጨት ሰሌዳ ደግሞ ለእጁ መልካም መምህር መሆኑን ልንገርዎ። ሰፊ ነው፣ ልጁ ክንዱን ያንቀሳቅስበታል፣ ጽሑፉም ታጥቦ እንደገና ይጀመራል። የዐረብኛ ፊደላት ተያይዘው ስለሚጻፉ እጁ ሳይነሣ መሄድን ይለምዳል፤ ይህም የፈረንሳይ ልጆች በቅጥልጥል ጽሕፈት ለማግኘት የሚደክሙለት ነገር ነው። የሚቻል ከሆነ ኡስታዙና የትምህርት ቤቱ መምህር ስለ እርሳስና ብዕር አያያዙ አንድ ዓይነት ነገር እንዲነግሩት ያድርጉ። ልጅን የሚያደናግረው የአቅጣጫው መለያየት ሳይሆን አንዱ መምህር የፈቀደውን ሌላው ሲከለክል ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ በግራ እጁ ይጽፋል። በእኛ ጊዜ እጃችን እየተመታ ነው ወደ ቀኝ የተመለስነው። እናቱ ተወው ትላለች። በውጭው አገርስ ምን ያደርጋሉ? — አያት፣ ከወልዲያ

መልስ፦ አባቴ፣ በዚህ ነገር እናቱ ትክክል ናት። ፈረንሳዮችም እስከ ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ግራኞችን በግድ ወደ ቀኝ ይመልሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጁ በመረጠው እጅ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ፣ መምህራንም ለግራኛ የሚሆነውን አቀማመጥ እንዲያሳዩ ይሠለጥናሉ። ልጁ የትኛው እጁ እንደሚቀናው ራሱ አይመርጥም፤ ስለዚህ የማያጠፋውን ጥፋት ልንቀጣው አይገባም። በቀኝ እጅ መብላትና በቀኝ እጅ ሰላምታ መስጠት የአገራችን አደብ ስለሆነ ያንን ያስተምሩት፤ እርሳሱን ግን ከማዕዱ ይለዩለት።

ችግሩ ፊደላችንም እንደ ላቲኑ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራኛ እጅ የጻፈውን ይሸፍናል፣ ያብሳል፤ ልጁም ለማየት ሲል አንጓውን እንደ መንጠቆ ከመስመሩ በላይ ያጥፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቱን ከአካሉ መሀል ትንሽ ወደ ግራ ያስቀምጡለት፤ የላይኛው ግራ ጥግ ከፍ እንዲል አድርገው ያዘንብሉለት፣ ይህም ለቀኞች ከሚደረገው በተቃራኒው ነው። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጎ፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይያዝ፤ እጁ ከመስመሩ በታች ይሁን። በዴስኩ ላይ በግራ ጫፍ ያስቀምጡት፤ በቀኝ ከተቀመጠ ክርኑ ከጓደኛው ክርን ጋር ይጋጫል። እርሳሱ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ጠንካራ እርሳስን ግራኛ ስለሚገፋው ወረቀት ይቀድበታል።

ጥያቄ፦ ልጆች ነገ የሚጽፉት በስልክና በኮምፒውተር ነው። ይህ ሁሉ የእጅ ጽሕፈት ድካም ለምን ያስፈልጋል? የእንግሊዝኛውንስ እንደ ፈረንሳዮች ከመጀመሪያው በቅጥልጥል ላስተምር? — መምህርት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያው ከፈረንሳይ የመጣ መልስ አለ። የማርሴይ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ከፊሎቹ ፊደላትን በእጅ እየጻፉ፣ ከፊሎቹ በቁልፍ እየነኩ እንዲማሩ አደረጉ፤ በዕድሜ ከፍ ካሉት መካከል በእጅ የጻፉት ፊደሉን በኋላ ለይተው በማወቅ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እጅ የሄደበትን መንገድ ዓይን ያስታውሰዋል ማለት ነው። ለንባብ ሲባል ብቻ እንኳ እርሳሱን መተው አይገባም፤ እርስ በርሳቸው በአንዲት ጭረት ለሚለያዩት ለእኛ ፊደላት ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው ስመለስ፣ አማርኛውን በቅጥልጥል ለመጻፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ፊደላችን ለየብቻው የሚቆም ነው፣ ውበቱም በዚያው ነው። የእንግሊዝኛውን ግን በሁለቱም መንገድ መጀመር ይቻላል። ፈረንሳዮች ቅጥልጥሉን የሚያስቀድሙት ቃሉ አንድ ሆኖ እንዲታይና እጅ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ብለው ነው፤ ለዚህም ትምህርት ሚኒስቴራቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ሁለት የቅጥልጥል ናሙናዎችን ለመምህራን አውጥቷል። የእኛ ልጆች ግን በአንድ ጊዜ ፊደልና ላቲን የሚማሩ፣ በወሎም ብዙዎቹ ሦስተኛ ጽሕፈት የሚጨምሩ ስለሆኑ፣ በተነጣጠለው ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ሆኖም ለኋላው እንዲመች አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያስይዟቸው። «ኤ»፣ «ሲ»፣ «ዲ»፣ «ጂ»፣ «ኦ» እና «ኪው» በትንሹ ፊደል ሲጻፉ ከላይ ከቀኝ በኩል ተነሥተው ወደ ግራ ይዙሩ። በዚህ የለመደ እጅ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ቅጥልጥሉን በአጭር ጊዜ ይይዘዋል፤ ክቡን በተቃራኒው ማዞር የለመደ ግን ያንን መጀመሪያ መርሳት ይኖርበታል። የትምህርት ቤትዎ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መነሻና አንድ መንገድ ቢወስኑ፣ ያንንም በትልቅ ወረቀት ላይ በቀስት እያመለከቱ በሁለቱም ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት፣ ልጆቹ ክፍል በተዘዋወሩ ቁጥር እንደ አዲስ አይጀምሩም።